ባዶ መኪና ይዘላል

ዕድሜው ሠላሳን የተሻገረ፣ ጢም ያበቀለ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው በጠራራ ፀሐይ ምናለሽ ተራ መሐል ቆሞ ለመጫወቻ መኪና ኩሽኔታ ሲፈልግ ምን ይሰማዋል? ልንገራችሁ፤ መዋሸት ያምረዋል።

«ለምንድን ናት?» አለኝ ባለሱቁ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህለውን ኩሽኔታ በሁለት ጣቶቹ ይዞ እያሽከረከረ።

«ለመኪና።»

«የምን መኪና?»

«የጃፓን።»

«ሞዴሏ?»

«ሰማንያ ሰባት።»

ሰውዬው ይህን ሲሰማ በአክብሮት ቀና ብሎ አየኝና፣ «የዚያን ጊዜዎቹማ ብረት ናቸው» አለ። ብረት አይደለችም፤ ፕላስቲክ ናት። ክብደቷ ሁለት ኪሎ አይሞላም፤ የሚነዳትም ሰው ውጪ ቆሞ ነው። ይሁንና ልብ በሉልኝ፤ አንዲትም ሐሰት ከአፌ አልወጣችም።

ነገሩ የጀመረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለውና የእኛ ሰው በበዛባት ከተማ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ይኖራል። በዚያ አገር ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት የተረፋቸውን ዕቃ ከደጃቸው ሣር ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ርካሽ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነው። ለገና አገር ቤት ሲመጣ ከልብሱ መሐል አንዲት ቢጫ ነገር ጠቅልሎ አመጣልኝ። «ለልጅህ» አለኝ። ልጅ የለኝም። «እንግዲያው ለሚወለደው» አለና ሳቀ። የሚወለደውን እስክንጠብቅ ብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። በዚያው ቀረሁ።

ስሟ «ላንች ቦክስ» ይባላል። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣት፣ በ2005 ደግሞ እንደገና ያሳተማት (መጽሐፍ ይመስል!) በባትሪ የምትሄድ፣ በሬድዮ የምትታዘዝ የቫን ቅርጽ ያላት መኪና ናት። ከአካሏ ጋር ጨርሶ የማይመጣጠኑ አራት ያበጡ ጎማዎች አሏት። ስሟን ወደ እኛ ስንመልሰው «ምሳ ዕቃ» ማለት ነው። ለእናቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ምሳው የታለ?» አለችኝ።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን መኪና «ሞንስተር ትራክ» ይሉታል፤ ጭራቅ መኪና እንበለው። የመጀመሪያው ጭራቅ የሴንት ሉዊስ አካባቢው ቦብ ቻንድለር የ1974 ሞዴል ፎርድ ፒክአፕ ነበር። ሰውዬው ነዳጅ ሲረግጥ ርኅራኄ የለውም ነበርና ሴሚያሴ ይሰብራል፤ የተሰበረውን በጠንካራ ይተካል፤ ጠንካራውን ይዞ ትልቅ ጎማ ይገጥማል፤ ትልቁ ጎማ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰብራል። ከእግሩ ክብደት የተነሳ መኪናዋ «ቢግፉት» ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1981 ይህችኑ መኪና እርሻ ውስጥ በቆሙ ሁለት አሮጌ መኪኖች ላይ ነዳባቸውና ጨፈለቃቸው። ነገሩ ከዚያ ወዲያ ትርኢት ሆነ። ተከታይዋ ቢግፉት የለበሰችው ጎማ ከፍታው 66 ኢንች ነው፤ ከእኔ ቁመት ብዙም አያንስም። የሚገርመው፣ ትልቋ ቢግፉት በባትሪ መሄድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። መጫወቻዋ ግን ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀደም ብላ በባትሪ ትሄድ ነበር። ልጅ አባቱን የሚቀድምበት ጊዜም አለ ማለት ነው።

አባት ካልኩ አይቀር ወደ አባቴ ልሂድ።

አባባ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢዋ ይዘው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ ቡሬን፣ ማንዳን፣ ሚሌን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻን፣ ደብረ ሲናን ተመላልሰውበታል። ቤት የሚያድሩት በወር የተወሰነ ሌሊት ነበር። እናቴን አንቺ እላታለሁ፤ አባቴን ግን አንቱ ነው የምላቸው። ይህ በአክብሮት ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ እንግዳ አንቱ ስለሚባል ነው። በልጅነቴ የማስታውሳቸው የናፍጣ ሽታ፣ ከባቲ የመጣ ሙዝ፣ እና በሩቁ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ሆነው ነው።

ካቻምና ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፤ ንግግራቸውም አብሮ ሄደ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም መሬት ላይ ያለ ቤት የተከራየነው ለእርሳቸው ስንል ነው። በመስኮቱ አጠገብ ወንበር አደረግንላቸው። ቃላቸው ሲመለስ አንድ በአንድ፣ እንደ ሰልፈኛ ተራ እየጠበቀ ነበር የመጣው፤ ተራው ግን በማን እንደተደለደለ አይታወቅም። «ውኃ» መጣ። «ባሌስትራ» መጣ። የእናቴ ስም መጣ። «ካምቢዮ» መጣ። የእኔ ስም ከ«ካምቢዮ» በኋላ አምስት ወር ቆይቶ ነው የደረሰው። አልተቀየምኩም ብል መዋሸት ነው።

ወደ ምሳ ዕቃዋ ልመለስ።

መጀመሪያ ስነዳት እንደመጣችው ነበር። የጥንቱ ሬድዮ በ27 ሜጋኸርትዝ የሚሠራና ረጅም አንቴና የሚዘረጋ ሆኖ፣ ፍጥነቷን የሚወስነው ደግሞ እርከን ያለው የመዳብ ማገናኛ ነው። በዝግታ ሂጂ ስትሏት የሚተርፈውን ኤሌክትሪክ አንዲት ነጭ ሬዚስተር ተቀብላ ወደ ሙቀት ትለውጠዋለች፤ ማለትም በዝግታ መሄድ እንጀራ የሚጋገርበት ያህል እሳት ይፈጃል። ከባትሪው ኃይል ስንቱ ወደ ጎማ፣ ስንቱ ወደ ሰማይ እንደሚሄድ አስቡት። ያም ሆኖ ሄደች። ኮብልስቶኑ ላይ ግን መሄዷ መዝለሏ ሆነ። እነዚያ ያበጡ ጎማዎች እንደ ኳስ ይነጥራሉ፤ አሞርዛተር ተብዬዎቹ ሞላ እንጂ ዘይት የላቸውም፤ ነዳጅ ስትሰጧት የፊት እግሯን አንስታ እንደ ፈረስ ትቆማለች። ጎረቤት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ሦስተኛው ዙር ላይ ተገለበጠች።

እዚህ ላይ ይቅር ብል ማን ይወቅሰኝ ነበር? ግን እኔ የሽቦ መኪና ልጅ ነኝ። የእኔ እኩያ የሆነ አንባቢ ያውቀዋል፦ ከአጥር የተሰረቀ ሽቦ፣ ከበረባሶ የተቆረጠ ጎማ፣ የሳርዲን ጣሳ፣ ከዚያም ቁመታችንን የሚያህል እንጨት ጫፍ ላይ ክብ መሪ። ቆመን እየሮጥን መሪውን ስንዞር የፊት ጎማው ይዞር ነበር። ያ የእኛ ሪሞት ነው። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ኤንትሬ ሠርቼ ነበር፤ ተሳቢው ሳይቀር፣ ከኋላ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው። አባባ አንድ ማታ መጥተው ደጃፉ ላይ አገኙት። ጎንበስ ብለው መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አደረጉት። ልቤ ቆማ ጠበቅኩ። «ወደ ቀኝ ይስባል» አሉና ወደ ቤት ገቡ። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሄደዋል።

እንግዲህ ምሳ ዕቃዋን ፈታኋት።

የመጀመሪያው ሥራ ኩሽኔታ ነበር። ፋብሪካው በየዘንጉ ያስገባው የፕላስቲክ ቦኮላ ነው፤ አቧራ ሲገባበት ዘንጉን ያንቀዋል፣ ሞተሩም በከንቱ ይደክማል። ቦኮላውን አውጥቶ ኩሽኔታ ማስገባት ከሁሉም የማሻሻያ ሥራዎች ርካሹና ጥቅሙ የበለጠው ነው። ጎማውን በጣቴ መትቼ ሳሽከረክረው፣ ሻይ ቀድቼ እስክመለስ ያለ ድምፅ ይዞር ነበር። (ትንሽ አጋነንኩ፤ ሻዩ ተቀድቶ ነበር።)

ሁለተኛው ሬድዮው ነው። የአክስቴ ልጅ በሰው እጅ 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ፣ እንደ ሽጉጥ በጣት የሚሳብ መቆጣጠሪያ ላከልኝ። ነጯ ሬዚስተር ተጣለችና በምትኳ ኤሌክትሮኒክ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ገባ። እሱ የሚያደርገው ባትሪውን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ማብራትና ማጥፋት ነው፤ ዝግታ ስትፈልጉ የሚበራበት ጊዜ ያጥራል፣ ፍጥነት ስትፈልጉ ይረዝማል። የሚባክን ነገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ባትሪ። የድሮው 7.2 ቮልት ስድስት ሴል ሞቶ ነበር። ከተጣለ ላፕቶፕ የወጡ ሁለት ሊቲየም ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 7.4 ይሰጣሉ፤ ሲሞሉ 8.4 ይደርሳሉ። ሊቲየም ግን እንደ ድሮው ባትሪ ታጋሽ አይደለም። አንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፤ ከልክ በላይ ከተሞላ፣ ወይም ከተበሳ ይነዳል። ስለዚህ የምሞላው ሸክላ ድስት ውስጥ አስቀምጬ፣ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው። እናቴ ድስቷን ስትፈልግ ባትሪ ታገኝበታለች፤ ምን እንደምትል እናንተው ገምቱ። ደግሞም የላፕቶፕ ሴል ብዙ ኤሌክትሪክ ባንድ ጊዜ ለመስጠት አልተሠራም። ይህን ያኔ ቸል ብዬው ነበር።

ከዚያ ስግብግብነት መጣ። የመኪና ነገር እንዲህ ነው፤ የቦብ ቻንድለር በሽታ ይተላለፋል። ከፋብሪካው ሞተር ይልቅ በውስጡ ያለው ሽቦ ጥቂት ዙር ብቻ የተጠመጠመ፣ ስለዚህ እጅግ የሚፈጥንና እጅግ የሚጠማ ሞተር አስመጣሁ። በሞተሩ ጫፍ የምትገባውን ትንሿን ማርሽ፣ ፒኞኗን፣ ጥርሷ በበዛ ለወጥኩ። የሞተሩ ብሎን ቀዳዳዎች ቦታቸው ቋሚ ነውና ትልቋ ፒኞን አልገባ ስትል ቀዳዳዎቹን በሞረድ አስረዘምኳቸው። ፋብሪካው ያልፈቀደውን በሞረድ ስታስፈቅዱ መጠርጠር ይገባችሁ ነበር፤ እኔ ግን ኩራት ተሰማኝ። በአሞርዛተሮቹ ቦታ ዘይት የሚይዙ ገጠምኩ፤ የሚሆነውን ሲሊኮን ዘይት ስላጣሁ የሞተር ዘይት ጨመርኩበት። በሳምንቱ ጎሚኒዎቹ አብጠው ዘንጉ አልንቀሳቀስ አለ። እንደገና ፈታሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ላይ ለቀቅኳት። እግዚኦ! ቢጫ ነገር ብቻ ናት የምትታየው። ልጆቹ ጮኹ። እኔም፣ ላለመዋሸት፣ ጮህኩ። ከዚያ ወደ እኛ ብሎክ የሚያስገባውን የኮብልስቶን ዳገት እንድትወጣ አዞርኳት። ግማሽ እንደሄደች ድምፅዋ ተለወጠ፤ እየተነፈሰች፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ጎማዋ ይዞራል አይባል ቆሟል አይባል። ጣቴን አላነሳሁም። ጭስ ወጣ። የሞተር ሽቦ ቫርኒሽ ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም።

በመስኮቱ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

«ሦስተኛ!»

ዞር ስል አባባ በግራ እጃቸው የመስኮቱን ብረት ይዘው ከወንበራቸው ተነስተዋል። ያለ ሰው ድጋፍ ተነስተዋል። ፊታቸው ቀልቷል።

«በሦስተኛ... ጣርማ በር! አንተ... ማርሽ! ቀንስ... ማርሽ!»

ስትሮኩ ከመታቸው ወዲህ ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ተናግረው አያውቁም። እናቴ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። ጠብ የተነሳ መስሏት ነበር። ተነስቶም ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከአሰብ የጫነ መኪና ደብረ ሲና ሲደርስ ቆላው አብቅቷል፤ ከዚያ ወደ ጣርማ በር፣ ጣሊያን ወደሠራው ዋሻ፣ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሾፌር ዳገቱ ግርጌ ሳለ ማርሹን መቀነስ አለበት። በትልቅ ማርሽ ደፍሮ የገባ ሰው መሐል ላይ ሞተሩ ይታፈንበታል፤ ተሳቢ እየጎተተ ዳገት ላይ ማርሽ ልቀይር ቢል ደግሞ ሊንሸራተት ይችላል። የእኔ ትልቅ ፒኞን ማለት በሦስተኛ ማርሽ ጣርማ በርን መውጣት ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከናፍጣ የከፋ ጠባይ አለው፦ ናፍጣ ሲያቅተው ይጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን መዞር ሲያቅተው ከመቼውም የበለጠ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፣ ይጠጣና ራሱን ያቃጥላል። ይህን የተቃጠለ ሞተር ከገዛሁ በኋላ አነበብኩት። አባባ ከመስኮት ሆነው በድምፁ ብቻ ያወቁትን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሠራው ጠረጴዛ ወደ ወንበራቸው ተጠጋ። ይናገራሉ ማለት አልችልም፤ ይጠቁማሉ። በግራ ጣታቸው አንዱን ዕቃ ይነኩና «ይሄ» ይላሉ። ካቻቢቴ ስጠራ ስሙን ይደግሙታል። ዳዶ። ቡሎን። ስታኞ። የጣሊያን ጋራዥ ቋንቋ በአፋቸው ከአማርኛው ይልቅ ይቀላል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። የፋብሪካውን ሞተርና ትንሿን ፒኞን መለስን። ፈጣን ሞተር አልተመለሰም፤ ሞቷል።

አንድ ቀን መቆጣጠሪያውን ሰጠኋቸው። እዚህ ላይ ስህተቴን ልናዘዝ። ሽጉጥ መሳዩ መቆጣጠሪያ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ግራው ነዳጁን ይስባል፣ ቀኙ መሪውን ያዞራል። ይህን እያወቅሁ ነው የሰጠኋቸው፤ ማለቴ እጄ ያውቀዋል፣ አእምሮዬ ግን አላሰበውም። አባባ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አንስተው መሪው ላይ አኖሩት። እጁ ተንሸራቶ ወደቀ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከሩ። ከዚያ መቆጣጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ፣ በጣም በጥንቃቄ፣ እንደ ሰው ዕቃ አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ለአራት ቀን አንድም ቃል አልወጣቸው።

ወደ ሬድዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን ሄድኩ። በጦር ሠራዊት የመገናኛ ክፍል የነበሩ ጋሼ ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ምጣድ፣ የሁሉም ዓይነት አስከሬን ይገኛል። ነገሬን ሰምተው ዝም አሉ፤ ቆይተው «የአውሮፕላን ሪሞት ብታገኝ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የሞዴል አውሮፕላን መቆጣጠሪያ ሁለት ዱላዎች አሉት፤ እያንዳንዱም ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይሄዳል። ስለዚህ ነዳጅንም መሪንም በአንድ ዱላ፣ በአንድ እጅ ማድረግ ይቻላል። ችግሩ፣ በተለመደው ዓይነት የግራው ዱላ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ሞላ የለውም፤ ባስቀመጡት ቦታ ይቀራል። ለአውሮፕላን ነዳጅ ጥሩ ነው። ለመኪና ግን እጅ ሲለቅ ዱላው መሐል ተመልሶ መኪናዋን ማቆም አለበት። የአክስቴ ልጅ («አሁን ደግሞ አውሮፕላን?» አለኝ በስልክ) ያገለገለ ባለ አራት ቻናል በሰው እጅ ላከ። ጋሼ ከፍተው ከቀኙ ዱላ ሞላዋንና ትንሿን ክንድ በፒንሳ አወጡ፣ ወደ ግራው አሻገሩ፣ የግራውን የምታንገጫግጭ ላሜራ ወደ ቀኝ ወሰዱ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መሪውን በአንደኛው ቻናል፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በሌላኛው ሰካን። ሒሳብ ስጠይቃቸው «አባትህ አንድ ቀን ይንዱኝ» አሉ።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራቸው ልጅ ይህን ስታይ ደስ አላላትም። ቀኝ እጅ ሥራ ካጣ ሥራውን ይረሳል፤ ሁሉን ለግራው ከሰጣችሁት ቀኙን ገደላችሁት አለችኝ። ልክ ናት። ተከራከርን። መጨረሻ ላይ የተስማማነው መቆጣጠሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀኝ እጃቸው ከላይ ተጭኖ እንዲይዘው፣ እንዲደግፈው ነው። መንዳት አይደለም፤ ግን ሥራ ነው። ረዳት እንደማለት።

የመጀመሪያው ቀን ኮሪደር ውስጥ ነዱ። የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በግማሽ ጉልበት ብቻ እንዲሠራ አድርጌው ነበር። ግድግዳ መቱ። ወደኋላ መለሱ። የወንበር እግር መቱ። ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ደጅ ወጣን፤ ኮብልስቶኑ ላይ መኪናዋ የተለመደውን መዝለሏን ዘለለች። ለዚህ መዝለል ሙከራዬ ብዙ ነበር። የኋላ ካምቢዮዋ በሞላ ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ አምስተኛ አሞርዛተር ገጥሜ እንዳይወዛወዝ ይዤዋለሁ፤ ለዚህች መኪና ባለቤቶች የታወቀ መድኃኒት ነው። የፊት እግሯን እንዳታነሳ ከጎሚስታ ያገኘሁትን የጎማ ባላንስ እርሳስ ከፊት ለጥፌያለሁ። የአሞርዛተሩን ዘይት ሦስት ጊዜ ለውጬአለሁ። ተሻላት እንጂ አልዳነችም።

አባባ አቆሟት። ዱላውን ለቀው በጣታቸው ወደ እሷ ጠቆሙ።

«ባዶ» አሉ።

«ባትሪዋ ሙሉ ነው አባባ፤ አሁን ነው የሞላሁት።»

«ባዶ!» አሉ ተናደው። ቃሉን ፈለጉ፤ ከንፈራቸው ሠራ፤ መጣ፦ «ባዶ መኪና... ይዘላል።»

ሞኝነቴ! ባሌስትራ የሚሠራው ለጭነት ነው። ኤንትሬ ባዶዋን ስትመለስ ሾፌሩን እስከ ጣሪያ እንደምታነሳ፣ ስትጭን ግን እንደ ምንጣፍ እንደምትተኛ በልጅነቴ አንድ ጊዜ አብሬያቸው እስከ ደብረ ሲና በሄድኩ ጊዜ ነግረውኛል። እናቴን ጨው ጠየቅኳት። ግማሽ ኪሎ ጨው ከፕላስቲኩ አካል ሥር፣ ዝቅ አድርጌ አሰርኩ። መኪናዋ ኮብልስቶኑ ላይ ተረጋግታ፣ እየተመናቀረች ሳይሆን እየተንከባለለች ሄደች። ስንት ገንዘብ ያወጣሁበት ነገር በግማሽ ኪሎ ጨው አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለአሜሪካኖቹ ቢነገር ያዝኑ ይሆናል። ጨዋታው ሁሉ መኪናዋን ማፍጠን፣ ማዝለል፣ ማስደንገጥ ሲሆን እኛ ጭራቋን ወደ ጭነት መኪና ለወጥናት። ቢጫው አካል ወልቆ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። በቦታው ከሙዝ ሣጥን እንጨት የተሠራ ስፖንዳ ገባ፤ ጎኖቹ በማጠፊያ ይከፈታሉ። ሠፈሩ ልጆች ድንጋይ ይጭኑባታል። አባባ ጭነት ሲበዛ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ አይነዱም። ልጆቹ አውርደው እስኪያስተካክሉ ይጠብቃሉ። ከልጆቹ አንዱ ከፊቷ እየሄደ እንደ ረዳት «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» ይላል። ዳገቱን ስትወጣ ፍጥነቷ ከእርምጃ አይበልጥም። አንድም ጊዜ አላጨሰችም።

ጋሼም መጥተው ተነድተዋል። ማለትም መነጽራቸውን አውልቀው ስፖንዳው ላይ ጫኑትና አባባ እስከ በሩ አደረሱላቸው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ነበርን። አባባ መኪናዋን ከብሎኩ ጥግ እስከ ጥግ ሁለት ጊዜ ነዱ። ሲመልሷት በየጥቂት ሜትሩ ዱላውን ወደ ግራ ነካ ነካ ያደርጋሉ። አቆሙና ቀና ብለው አዩኝ። በስሜ ጠሩኝ። ከዚያ፣

«ወደ ቀኝ... ትስባለች» አሉ።

መቆጣጠሪያውን ተቀብዬ ራሴ ነዳኋት። ቀጥ ብላ ሄደች። እንደገና ነዳኋት፤ እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። የፊት ጎማዎቹን አየሁ፤ የመሪዋን ዘንግ ለካሁ፤ እንከን የለባትም። የሚስበው የእርሳቸው እጅ ነው። ግራ እጃቸውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም፤ ዱላውን ወደፊት ሲገፉት ትንሽ ወደ ቀኝ ይሄድባቸዋል።

«እውነት ነው አባባ» አልኳቸው፤ «ትስባለች።»

መቆጣጠሪያው ላይ ከዱላው ሥር መሪውን በጥቂት በጥቂት የምታስተካክል ትንሽ መግፊያ አለች። ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጌ ወደ ግራ ወሰድኳትና መለስኩላቸው። ነዷት። ከጥግ እስከ ጥግ ዱላውን አንዴም ሳይነካኩ ሄዱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንግዲህ አሁን እኔ ስነዳት ወደ ግራ ትስባለች።